ባንኮክ ላይ ከፍ ያለ ሆቴል አመራረጥ፦ ከጎጃም ለሚነሣ መንገደኛ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከቡሬ ወይም ከሞጣ ተነሥቶ ባንኮክ የሚሄድ ሰው ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም። አንዱ ወላጁን ለማሳከም፣ ሌላው ዕቃ አይቶ ለማዘዝ፣ ጥቂቱ ደግሞ ለጫጉላ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው ለቪዛውና ለአውሮፕላን ቲኬቱ ወር ሙሉ ሲጨነቅ ይከርምና ሆቴሉን ግን በመጨረሻው ሳምንት፣ ስልኩ ላይ ፎቶግራፍ እያገላበጠ፣ በአንድ ምሽት ይመርጣል። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። እናቴን ለማሳከም ስንሄድ «ደክማለችና በደንብ ትረፍ» ብዬ በቻኦ ፕራያ ወንዝ ዳር ያለ፣ ስሙ የተጠራ ሆቴል ያዝሁ። በሆቴሉ ላይ የማወጣው እንከን አልነበረም። ሆስፒታሉ ግን ከዚያ ርቆ፣ ሱኩምቪት በሚባለው ሰፈር ነበርና ጠዋት ለመድረስ አንድ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ለመመለስ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ስናሳልፍ ሰነበትን። ብዙ ገንዘብ የከፈልሁበት የወንዝ ዳር ወንበር ላይ እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠችበትም። በሁለተኛው ጉዞ ከፎቶግራፉ በፊት ካርታውን ዘረጋሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም በዚያው ቅደም ተከተል ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከእነርሱ ጋር የተጻፉት ወሮችና ቀኖችም፣ የእኛ ናቸው ካላልሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰፈሩን ከሆቴሉ በፊት መምረጥ

የባንኮክ አስተዳደር ወሰን ከ1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ይህም የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ያህላል። የመኪናው መጨናነቅም ከስፋቷ ጋር የሚመጣጠን ነው። ስለዚህ በካርታ ላይ «አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ» የሚለው ርቀት ምንም አይነግርዎትም፤ በረፋድ ሩብ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ዝናብ ከጨመረበት ደግሞ በይበልጥ፣ የማያልቅ ይሆናል። ከዚህ የሚያድነው ባቡሩ ነው። ቢቲኤስ የሚባለው ከመንገዱ በላይ በድልድይ የሚሄደው ባቡር በ1999፣ ኤምአርቲ የሚባለውና በመሀል ከተማ ከመሬት በታች የሚሄደው ደግሞ በ2004 ሥራ ጀምረዋል። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር የሚያውቅ ሰው የቢቲኤስን አካሄድ ለመረዳት አይቸገርም። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የሚሄዱበትን ጉዳይ ቦታ ካርታው ላይ ምልክት ማድረግ፣ ቀጥሎም በዚያው የባቡር መስመር ላይ፣ ቢቻል መስመር ሳያስቀይር የሚያደርስ ሰፈር መፈለግ ነው።

የወንዙ ዳር ሰፈር የከተማዋ የቅንጦት ሆቴሎች የተጀመሩበት ነው። ዛሬ ማንዳሪን ኦሪየንታል የሚባለው ሆቴል ኦሪየንታል በሚል ስም የተከፈተው በ1876 ነው፤ የዓድዋ ጦርነት ሃያ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ከእርሱ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ፣ በ1998 የተከፈተው ፔኒንሱላ አለ፤ ፎር ሲዝንስና ካፔላ ደግሞ በ2020 ተጨምረዋል። የእነዚህ ሆቴሎች ጥሩ ጎን ጸጥታቸውና ስፋታቸው ነው። አብዛኞቹ እንግዳቸውን በራሳቸው ጀልባ ሳፓን ታክሲን ከተባለው የባቡር ጣቢያ ሥር ወዳለው ወደብ በነጻ ያመላልሳሉ። ለጫጉላ ለሚሄዱ ሙሽሮችና ከሆቴሉ ብዙም ሳይወጡ ማረፍ ለሚፈልጉ ሰዎች ከዚህ የሚሻል ሰፈር የለም ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ ቀጠሮ ላለው ሰው ግን፣ ጀልባውም ሆነ ባቡሩ ቢኖር፣ ሁለት ጊዜ መሳፈርና መውረድ አለበትና አይመከርም።

ሲያም፣ ራቻፕራሶንግና ፕሎንቺት የሚባሉት ተያያዥ ሰፈሮች የከተማዋ እምብርት ናቸው። የቢቲኤስ ሁለቱ ዋና መስመሮች የሚገናኙት ሲያም ጣቢያ ላይ ሲሆን ከዚያ እስከ ቺት ሎም ጣቢያ ከመኪናው መንገድ በላይ የተሠራ የእግረኛ መተላለፊያ አለ፤ ዝናብም ፀሐይም ሳይነካዎት ከገበያ አዳራሽ ወደ ገበያ አዳራሽ ይሄዳሉ። በ2017 የተከፈተው ፓርክ ሀያት ሴንትራል ኤምባሲ ከተባለው ሕንጻ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ሕንጻው ደግሞ ከፕሎንቺት ጣቢያ ጋር በመተላለፊያ ይገናኛል። ከተማዋን ጨርሶ ለማያውቅ፣ ቋንቋው ለሚያስፈራውና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ዋጋው ወደድ ቢልም ይህን ሰፈር እመርጥለታለሁ።

የእኛ ሰው በብዛት የሚያርፈው በሱኩምቪት ነው። ምክንያቱም ቡምሩንግራድ ሆስፒታል በሱኩምቪት ሶይ 3 ላይ ስለሚገኝ ነው። «ሶይ» ማለት ከዋናው ጎዳና የሚገነጠል የውስጥ መንገድ ሲሆን ሱኩምቪት ላይ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው በሰሜን፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው በደቡብ በኩል ናቸው። ይህን ማወቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ሆቴሉ ሶይ 4 ሆስፒታሉ ሶይ 3 ነው ብሎ «ጎረቤት ነው» የሚል ሰው በመካከላቸው ያለውን ሰፊ ጎዳና በድልድይ ወጥቶ ወርዶ መሻገር እንዳለበት አያስተውልም። በዚያው አካባቢ የዓረብ ሰፈር የሚሉት ጠባብ መንገድ አለ፤ የሱቆቹ ጽሑፍ በዓረብኛ ነው፤ ለሙስሊም መንገደኛ ሐላል ምግብ እንደ ልብ የሚገኘውም እዚያ ነው። በአንጻሩ በናና ጣቢያ ደቡባዊ በኩል ያለው ሶይ 4 በሌሊት የመጠጥ ቤቶች ሰፈር ስለሆነ፣ ከአረጋዊ ወይም ከልጆች ጋር የሚሄድ ሰው የሆቴሉ መግቢያ በየትኛው በኩል እንደሆነ አጣርቶ ቢይዝ ይሻለዋል። ባንኮክ ሆስፒታል የተባለው ሌላው ሆስፒታል ግን በሌላ ጎዳና፣ በኒው ፔቻቡሪ በኩል፣ ከባቡር ጣቢያዎቹም ራቅ ብሎ ይገኛል፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባቡሩን ትቶ ሆስፒታሉ አጠገብ ያለ ማረፊያ ይፈልግ። የሲሎምና የሳቶርን ሰፈሮች ደግሞ የባንክና የኤምባሲ ሰፈሮች ናቸው፤ ሉምፒኒ የተባለው ትልቅ መናፈሻ አጠገብ መሆናቸው ጠዋት በእግር መንቀሳቀስ ለታዘዘ ሰው ይጠቅማል።

ሰፈሩ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ሆቴሉ ከጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ ነው የሚለው ነው። ሆቴሉ ራሱ «ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ» ብሎ የጻፈውን ትተው በካርታው ላይ ራስዎ ይለኩት። በደብረ ማርቆስ ነፋስ አሥር ደቂቃ መራመድና በሚያዝያ የባንኮክ ወበቅ አሥር ደቂቃ መራመድ አንድ አይደሉም። እኔ አምስት ደቂቃን ድንበር አድርጌ ከዚያ የሚርቀውን ሆቴል፣ የራሱ ማመላለሻ ከሌለው በቀር፣ ከመዝገቤ እሰርዛለሁ።

ስለ ኮከቡና ስለ እንግዶች አስተያየት

ለዓለም ሆቴሎች ሁሉ ኮከብ የሚሰጥ አንድ አካል የለም። በቦታ ማስያዣ ድረ ገጾች ላይ የምናየው ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ ሆቴሉ ራሱ ያስመዘገበው ነው። ስለዚህ አምስት ኮከብ የሚለውን እንደ ማጣሪያ ብቻ ይዘው ወደሚቆጠር ነገር ይሂዱ። የሚቆጠረው ነገር የክፍሉ ስፋት በካሬ ሜትር፣ ሕንጻው የተሠራበት ወይም ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበት ዓመትና የክፍሎቹ ብዛት ነው። አንድ ታማሚና አንድ አስታማሚ ከሁለት ሻንጣ ጋር ሳይጋጩ የሚኖሩበት ክፍል፣ እንደ እኔ ልምድ፣ ከ40 ካሬ ሜትር ማነስ የለበትም። የቆዩ ሕንጻዎች አምስት ኮከብ እያላቸው ከ30 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ክፍል ይሰጣሉ፤ ፎቶግራፉ ግን በሰፊ ሌንስ ስለሚነሣ አዳራሽ አስመስሎ ያሳየዋል።

አስተያየት ሲያነቡ ቀኑን ይዩ። ዱሲት ታኒ የተባለው የሲሎሙ ታዋቂ ሆቴል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ በ1970 ተከፍቶ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በጥር 2019 ተዘጋ፤ ሕንጻውም ፈርሶ በ2024 መስከረም በአዲስ ሕንጻ እንደገና ተከፈተ። ከ2019 በፊት የተጻፈ ምስጋናም ሆነ ወቀሳ የሚናገረው ዛሬ ስለሌለ ሕንጻ ነው። እንግዲህ ያለፉትን ሦስት ወራት አስተያየት ብቻ ይውሰዱ፤ ከእነርሱም «ድንቅ ነው» የሚሉትንና በንዴት የተጻፉትን አልፈው መካከለኛ ነጥብ የሰጡትን ያንብቡ፤ ጉዳዩን በዝርዝር የሚጽፉት እነርሱ ናቸው። በተለይ «ግንባታ» እና «ሻጋታ» የሚሉ ቃላት መኖራቸውን ይፈልጉ። ባንኮክ ውስጥ የግንባታ ማሽን ያልቆመበት መንገድ ጥቂት ነው፤ ከክፍልዎ መስኮት አጠገብ የሚቆፈር መሠረት ካለ የሆቴሉ ማዕረግ አያድንዎትም።

«የወንዝ እይታ» ስለሚባለውም ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይታለልም። ከተማችን ውስጥ «ጣና የሚታይበት» ተብሎ በተሸጠልኝ ክፍል ሐይቁን ለማየት በረንዳው ላይ ወጥቼ፣ ብረቱን ይዤ አንገቴን እንደ ሰጎን ማስገግ ነበረብኝ። ባንኮክም ላይ ሙሉ የወንዝ እይታና ከፊል የወንዝ እይታ በሚል በሁለት ዋጋ ይሸጣል። ከፊል የሚለውን ለመግዛት ካሰቡ ልዩነቱን ለሌላ ነገር ያውሉት።

ዋጋው የሚያልቀው የት ላይ ነው

ታይላንድ ውስጥ ሆቴሎች ዋጋ ሲናገሩ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለት የመደመር ምልክት ያደርጋሉ። ይህ ምልክት የአገልግሎት ክፍያና የተጨማሪ እሴት ታክስ አልተካተተም ማለት ነው። የአገልግሎት ክፍያው 10 በመቶ፣ ታክሱ 7 በመቶ ነው፤ ነገር ግን ታክሱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ስለሆነ ጭማሪው 17 ሳይሆን 17.7 በመቶ ይመጣል። ለምሳሌ ለአንድ ሌሊት 10,000 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) ተብሎ የተነገረዎት ክፍል መጀመሪያ 11,000፣ በመጨረሻም 11,770 ባህት ይሆናል። አሥር ሌሊት የሚያድር ሰው ያላሰበው 17,700 ባህት ወጣበት ማለት ነው፤ ይህም በተነገረው ዋጋ ከአንድ ሌሊት ተኩል ይበልጣል። ምግብ ቤቱም፣ ልብስ ማጠቢያውም በዚሁ ስሌት ይሄዳል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላልና ሁለት ሆቴሎችን ሲያወዳድሩ የሁለቱንም ዋጋ ወደ መጨረሻው ድምር አምጥተው ያወዳድሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው ስለ መያዣ ገንዘቡ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኛን ሰው ከምንም ነገር በላይ የሚጎዳው ይኸው ነውና። ሆቴሉ ሲገቡ ለምግብና ለሌላ ወጪ ዋስትና እንዲሆነው በካርድዎ ላይ የተወሰነ ገንዘብ ያግዳል። ካርዱ ክሬዲት ካርድ ከሆነ የሚቀንሰው የመበደር ጣሪያዎን ነው። ከአገራችን ባንክ በውጭ ምንዛሪ የተሞላ ዴቢት ወይም የቅድመ ክፍያ ካርድ ከሆነ ግን የሚታገደው በእጅዎ ያለው ገንዘብ ነው፤ ከሆቴሉ ሲወጡ ቢለቀቅም ወደ ካርዱ እስኪመለስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሆቴሉ የአሥር ሌሊት መያዣ በአንድ ጊዜ አግዶብኝ በማግሥቱ የሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል ካርዱን ሲሞክረው «በቂ ገንዘብ የለም» የሚል ወረቀት ወጣ። እናቴ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና «ምን አሉህ?» ስትለኝ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብዬ ዋሸኋት። ስለዚህ ከመያዝዎ በፊት መያዣው ለእያንዳንዱ ሌሊት ስንት እንደሆነ፣ በጥሬ ባህት ማስያዝ ይቻል እንደሆነና በካርዱ ላይ ያለው ስም ከእንግዳው ስም ጋር መመሳሰል አለበት ወይ የሚለውን በጽሑፍ ይጠይቁ። በጥሬው ካስያዙ ደረሰኙን ከፓስፖርትዎ ጋር ያኑሩት።

ክፍሉ የሚያዝበትም ውል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዋጋው ዝቅ ያለና ገንዘቡ የማይመለስ፣ ሌላው ዋጋው ከፍ ያለና እስከ ተወሰነ ቀን በነጻ የሚሰረዝ ነው። ኢትዮጵያዊ ወደ ታይላንድ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለቪዛውም የማረፊያ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ቪዛው ግን ሊዘገይ ወይም ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ቪዛው እጅዎ እስኪገባ ድረስ የማይመለሰውን ዋጋ አይንኩት። ከግንቦት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የመግቢያ ቅጽ እንዲሞላ ታዟል፤ ቅጹ በነጻ ነው፣ የሆቴሉንም አድራሻ ይጠይቃል።

በድረ ገጽ ያገኙትን ዋጋ ይዘው ለሆቴሉ በቀጥታ መጻፍም አይጎዳም። በሆስፒታሎቹ ዙሪያ ያሉ አንዳንድ ሆቴሎች ለታካሚና ለአስታማሚ የተለየ ዋጋ አላቸው፤ ማስታወቂያ ላይ ስለማያወጡት የቀጠሮ ወረቀት አያይዞ የጠየቀ ብቻ ያገኘዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ሰው ደግሞ ሙሉ ማዕድ ቤትና ልብስ ማጠቢያ ያለው፣ እንደ ሆቴል የሚጸዳ የአፓርትመንት ማረፊያ ቢመለከት ይሻለዋል፤ ከቤት ያመጡትን ሽሮ መሥራት የሚቻለው እዚያ ነው።

ወቅቱም ዋጋውን ይወስነዋል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ በመሆኑ ዋጋው ይሰቀላል፤ በተለይ የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ዝናቡ ይበረታል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ሶንግክራን የተባለው የታይ አዲስ ዓመት በእኛ ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ይውላል፤ ሕዝቡ በየመንገዱ ውኃ ስለሚረጫጭ መንገዶች ይዘጋሉ፣ ለሕክምና የሄደ ሰው ያን ሰሞን ቢዘለው ይሻላል።

ጾም፣ ቁርስና ወጥ ቤት

ሆቴሎቹ «ቁርስ ጨምሮ» እና «ቁርስ ሳይጨምር» በሚል ሁለት ዋጋ ያቀርባሉ፤ በከፍተኛ ሆቴሎች ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቁርሱ ጠዋት ተጀምሮ ብዙውን ጊዜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል። ዐቢይ ጾምን ወይም ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም የጎጃም ሰው ለዚያ ቡፌ መክፈሉ ለማይበላው ድግስ መዋጮ ማዋጣት ነው። ጉዞዎ በጾም የሚውል ከሆነ ያለ ቁርስ ይያዙ።

ስለ ጾም ምግቡም ወጥ ቤቱን ሲጠይቁ ቃሉን ይምረጡ። «ቬጀቴሪያን» ካሉ እንቁላልና ወተት ያለበት ይመጣል፤ አትክልት ብቻ ነው ያሉትም ቢሆን በዓሣ መረቅ ወይም በተፈጨ ሽሪምፕ የተቀመመ ሊሆን ይችላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ የማይበላ ሰው «ጄ» የምትለውን አጭር የታይ ቃል ይያዝ። ጄ ማለት ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ጨርሶ የማይገባበት ምግብ ነው፤ ይህን የሚሸጡ ቤቶች በቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ይሰቅላሉ። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም አይገባበትም፤ እናቴ በመጀመሪያው ቀን ቀምሳ «ሠሪዋ ሽንኩርት አለቀባት መሰለኝ» ብላለች። ሆቴሉ ጄ ሠርቶ የሚያቀርብ ወጥ ቤት ያለው መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

ክፍሉን በዝርዝር መጠየቅ

ሁለት ሰው ሲባል ሆቴሉ አንድ ሰፊ አልጋ ያዘጋጃል። ልጅና እናት፣ ወይም ሁለት ነጋዴዎች ከሆናችሁ ሁለት የተለያዩ አልጋዎች መሆናቸውን በጽሑፍ ያረጋግጡ። «እንደ ሁኔታው» የሚለው መልስ «የለም» ማለት ነው ብለው ይውሰዱት።

ከአረጋዊ ጋር ለሚሄድ ሰው ከአልጋው ይልቅ መታጠቢያ ቤቱ ያሳስባል። በርካታ የቆዩ ሆቴሎች ሻወሩን ያደረጉት በገንዳው ውስጥ ነው፤ ለመታጠብ ከጉልበት ከፍ የሚል ጠርዝ ተሻግሮ መግባት ያስፈልጋል። ጉልበቷን የሚያማት እናት ይህን ማድረግ አትችልም። እኛ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ወንበር አስጠግተን፣ እኔ በሩ ውጭ ቆሜ፣ የሆቴሉ ሠራተኛ ልጅ እጇን ይዛ እየደገፈቻት ነው የታጠበችው። ከወለሉ እኩል የሆነ፣ ጠርዝ የሌለው፣ የሚያዝ ብረት ያለው ሻወር መኖሩን ይጠይቁ፤ ፎቶግራፉንም እንዲልኩልዎት ያድርጉ።

ፎቁን በተመለከተ ሆቴሎቹ ከፍ ያለውን ፎቅ እንደ ስጦታ ያቀርባሉ። እኛን 23ኛ ፎቅ አስገቡን፤ እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ቁልቁል አየችና ወዲያው መልሳ ዘጋችው፤ «ልጄ፣ ይኼ ቤት መሬት የለውም ወይ?» አለችኝ፤ እስክንወጣም ድረስ አልተከፈተም። በመጋቢት 28 ቀን 2025 ምያንማር ላይ የደረሰው መጠኑ 7.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ባንኮክን ነቅንቆ በግንባታ ላይ የነበረ ረጅም የመንግሥት ሕንጻ ሲደረመስ፣ በየሆቴሉ ያሉ እንግዶች በደረጃ መውረድ ነበረባቸው። ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ሰው ካለ ታችኛውን ፎቅ ይጠይቁ፤ ከባቡሩ ሐዲድ ትይዩ ያልሆነና ከአሳንሰሩ ያልራቀ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ በእንግዳው እጅ የሚስተካከል መሆኑንም ያጣሩ። ውጭው ወበቅ፣ ውስጡ የጮቄ ተራራ ብርድ ነው። ጋቢ ይያዙ ብዬ ስመክር የሚስቁ አሉ፤ እናቴ ግን በሆቴሉ ውድ ብርድ ልብስ ላይ ጋቢዋን ደርባ ነው ያደረችው። በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ደግሞ የከተማዋ አየር በጭስና በብናኝ ይታፈናል፤ አስም ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው የአየር ማጣሪያ መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ እንዲገባለት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከፍ ያሉ ሆቴሎች ካላቸው ያለ ክፍያ ያስገባሉ።

ሰዓቱና ቀኑ

ከሆቴሉ ጋር ስንጻጻፍ የሚያሳስተን ሰዓታችን ነው። የባንኮክ ሰዓት ከእኛ በአራት ሰዓት ይቀድማል፤ ይህ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አቆጣጠሩ ነው። ለቀጠሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መኪና እንዲያዘጋጁልን ለእንግዳ መቀበያው ስነግር፣ በደከመ አእምሮዬ «ጠዋት ሦስት» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለስሁት። ልጁም ጎንበስ ብሎ 03፡00 ብሎ ጻፈ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ሾፌሩ ነጭ ጓንት አድርጎ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰዓት ሁሉ በ24 ሰዓት አጻጻፍ በወረቀት ይጻፍ፤ 09፡00 የሚለው ማንንም አያሳስትም።

ክፍል የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በ14፡00 ወይም በ15፡00፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ሲሆን የሚወጣው በ12፡00፣ በእኛ 6 ሰዓት ነው። ከደብረ ማርቆስ የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ አዲስ አበባ አድሮ፣ ዘጠኝ ሰዓት ያህል በሮ ለሚደርስ ሰው እንግዳ መቀበያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ክፍል መጠበቅ ከባድ ስለሆነ የበረራውን ቁጥር ልከው ክፍሉ ዝግጁ እንዲሆን ይጠይቁ። በመመለሻው ደግሞ በረራው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ ቀኑን ይጠንቀቁ፦ በ10ኛው ቀን 01፡00 የሚነሣ አውሮፕላን ለመያዝ ከሆቴሉ የሚወጡት በ9ኛው ቀን ምሽት ነው። ያን ቀን ከ6 ሰዓት በኋላ ክፍሉን ማቆየት ከፈለጉ የግማሽ ቀን ዋጋውን ቀደም ብለው ይነጋገሩ፤ ታማሚ ላለበት ሰው ይህ ገንዘብ አይቆጭም።

ሱዋርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሀል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተምሥራቅ ነው። የታክሲው ቆጣሪ ከ35 ባህት ይጀምራል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲሳፈሩ 50 ባህትና የፈጣን መንገዱ ክፍያ ይጨመራል። የሆቴሉ መኪና ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሚያስከፍሉትንም ካልጠየቋቸው ሒሳቡ ላይ ነው የሚያዩት።

በመጨረሻው ቀን ሒሳቡን ከመውጫ ሰዓቱ በፊት፣ በዋዜማው ማታ ያስወጡትና በእርጋታ ያንብቡት። ደረሰኙ ላይ 2569 የሚል ዓመት ቢያዩ አይደንግጡ፤ ታዮች በቡድሃ አቆጣጠር ስለሚጽፉ ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ይቀድማሉ፤ 2026 ለእነርሱ 2569፣ ለእኛ ከመስከረም በፊት 2018 ነው። ካርድዎ ላይ የታገደው ገንዘብ መለቀቁን የሚገልጽ ወረቀት ይቀበሉ፤ የማጽደቂያ ቁጥሩም ይኑርበት። አገር ቤት ገብተው ገንዘቡ ካልተመለሰ ባንክዎ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እርሱን ነውና፣ ሒሳቡ ላይ ገንዘቡን እስኪያዩ ድረስ ወረቀቱን አይጣሉት።